የተጎዳ የባሕር ወፍ ማስታመምና ወደ ባሕር መመለስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወፏ ባሕር ዳርቻ ላይ ከተገኘችበት ሰዓት ጀምሮ እስክትለቀቅ ድረስ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት እነዚህን ነው። ከታች የሚጠቀሱት ኮርሞራንት፣ ሲጋል፣ ግሪብ፣ ሉን፣ ፔትረል፣ ሺርወተር፣ ጋኔት፣ ተርንና ጊሊሞት የባሕርና የውኃ ወፎች ስሞች ናቸው።

ባሕር ዳርቻ ቁጭ ብላ የማትነሣ ወፍ ሁሉ ታማለች ማለት ነው?

አይደለም። ኮርሞራንት ዓለት ላይ ክንፎቿን ዘርግታ ለረጅም ጊዜ ብትቆም ላባዋን እያደረቀች ነው። መሬት ላይ የሚንጎራደድ ቡራቡሬ የሲጋል ጫጩትም አብዛኛውን ጊዜ ወላጆቹ ከላይ ሆነው ይጠብቁታል፤ ቁስል ከሌለበት፣ ድመትና መኪናም ካላሰጋው ባለበት ይተዉት። ግሪብና ሉን ደግሞ እግራቸው ወደ ጅራታቸው ተጠግቶ የተሠራ ስለሆነ ለመብረር ውኃ ላይ መንደርደር ግድ ይላቸዋል። ሌሊት እርጥብ አስፋልት ውኃ መስሏቸው ያርፉና እዚያው ይቀራሉ። በመብራት ተታልለው የሚወድቁ የፔትረልና የሺርወተር ታዳጊዎችም እንዲሁ ናቸው። እነዚህ ጤንነታቸው በባለሙያ ከታየ በኋላ ወደ ውኃ መመለስ ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው። «ትብረር» ብሎ ወደ ሰማይ መወርወር ግን እግርና ክንፍ መስበር ነው።

በእርግጥ የተጎዳች ወፍ ሰው ሲቀርባት አትሸሽም። አንዱ ክንፏ ከሌላው ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል፤ ላባዋ ተጣብቋል ወይም እስከ ቆዳዋ ርሷል፤ ደም ወይም የዓሣ ማጥመጃ ክር ይታይባታል። ሲዳስሷት የደረት አጥንቷ እንደ ቢላዋ ጀርባ ሾሎ እጅ ላይ ከመጣ ሥጋዋ አልቋል፣ ብዙ ቀን ሳትበላ ቆይታለች።

እንዴት ልያዛት? ብትነክሰኝስ?

በባሕሩ በኩል ዞረው ይቅረቡ። ከየብስ በኩል ከመጡባት ያላትን አቅም አሟጣ ወደ ውኃው ትሮጣለች፤ አንዴ ከገባች አያገኟትም። ትልቅ ፎጣ ጭንቅላቷን ጨምሮ ይጣሉባት፤ ማየት ስታቆም ብዙውን ጊዜ ትረጋጋለች። ክንፎቿን ወደ ጎኗ አጥፈው ከነፎጣው ይቀፏት፣ በሌላው እጅዎ ጭንቅላቷን ከመንጋጋዋ በስተኋላ ይያዙ። ትነክሳለች፣ አዎ፤ ግን ከጣትዎ ይልቅ ዓይንዎን ይጠብቁ። ጋኔት፣ ሉንና ኮርሞራንት የሚያነጣጥሩት የሚያብረቀርቅ ነገር ላይ ነው፣ አንገታቸውም ከሚታሰበው በላይ ይረዝማል። መከላከያ መነጽር ያድርጉ፣ ፊትዎን ያርቁ።

ሁለት ስሕተቶች ወፍ ይገድላሉ። አንደኛው ምንቃሯን በፕላስተር ወይም በጎማ ማሰር ነው። ጋኔትና ኮርሞራንት ውጫዊ የአፍንጫ ቀዳዳ ስለሌላቸው የሚተነፍሱት በአፋቸው ነው፤ ሌላዋም ብትሆን ካስመለሳት ትታነቃለች። ፔሊካንን ምንቃሯን ሲይዙ በሁለቱ መንጋጋዎች መካከል አንድ ጣት አስገብተው ክፍተት ይተዉላት። ሁለተኛው ደረቷን አጥብቆ መያዝ ነው። ወፍ ድያፍራም የላትም፤ አየር የምታስገባው የደረት አጥንቷን ከፍና ዝቅ በማድረግ ስለሆነ የተጨመቀ ደረት የታፈነ ትንፋሽ ነው።

ከያዝኳት በኋላ የት ላስቀምጣት? ምን ላብላት?

ከወፏ ትንሽ ሰፋ ያለ፣ ጎኑ የተበሳ ካርቶን ውስጥ ያስቀምጧት፤ ሥሩ ላይ ፎጣ ያንጥፉ። ጭድና ድርቆሽ ሻጋታ ስላላቸው አይሆኑም። ከቀዘቀዘች ሙቅ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው በካርቶኑ አንድ ጎን ብቻ ያድርጉ፣ ሲሞቃት እንድትርቅ። አፏን ከፍታ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰች ሙቀቱ በዝቷል። ክዳኑን ዘግተው ጸጥ ያለ ቦታ ያኑሯት። በየአምስት ደቂቃው እየከፈቱ ማየት፣ ለልጆች ማሳየት፣ ፎቶ ማንሣት ለእሷ ሁሉ አንድ ነው፤ አዳኝ ደጋግሞ ፊቷ የመጣባት ያህል ነው።

ምግብ አይስጧት። አብዛኛው ሰው ይህን ለመቀበል ይቸገራል፣ የራበው ማብላት ደግነት ስለሚመስል። የቀዘቀዘችና ውኃ የጠማት ወፍ አንጀቷ ሥራ አቁሟል፤ የዋጠችው ዓሣ ውስጧ ይበሰብሳል ወይም ያስመልሳትና ወደ ሳንባዋ ይገባል። ወተትና ዳቦ ጭራሽ አይታሰቡ። ውኃም በአፏ አያንቆርቁሩ፤ የአየር ቧንቧዋ አፍ ከምላሷ ሥር ስለሆነ ቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል። ይልቅ የተገኘችበትን ቦታና ሰዓት ጽፈው ካርቶኑ ላይ ይለጥፉና ወደ ዱር እንስሳት ማገገሚያ ወይም ወደ እንስሳት ሐኪም ያድርሱ። ያ ወረቀት የምትለቀቅበትን ቦታ ይወስናል።

ቤቴ አስቀምጬ ራሴ ባስታምማትስ?

በብዙ አገር ያለ ፈቃድ የዱር ወፍ መያዝ በሕግ ያስጠይቃል። የእንግሊዝ የ1981 (እ.ኤ.አ.) ሕግ የተጎዳች ወፍ ተንከባክቦ መልቀቅን ይፈቅዳል፤ የአሜሪካው የ1918 (እ.ኤ.አ.) ሕግ ግን ማስታመሙን ፈቃድ ላለው ይተዋል። ሕጉ ቢፈቅድ እንኳ ቤት ውስጥ የሚጎድለው ገንዳው፣ ራጁና የደም ምርመራው ነው። ከአንድ ሌሊት በላይ ማቆየት ብዙ ጊዜ እሷን ከማዳን ይልቅ መሞቻዋን ማዘግየት ይሆናል።

የወፍ ጉንፋን ይይዘኝ ይሆን?

ክር የተጠመጠመባት አንዲት ወፍ እና በአንድ ባሕር ዳር የተኙ ሃያ በድኖች አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2022 አጋማሽ ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን ቫይረስ በሰሜን አትላንቲክ የጋኔትና የተርን መንጋዎች ላይ ከባድ እልቂት አድርሷል። ወፏ ከተንቀጠቀጠች፣ አንገቷ ከተጠማዘዘ፣ በአንድ ቦታ ከዞረች ወይም አካባቢው ላይ ሌሎች የሞቱ ካሉ ሳይነኩ ለእንስሳት ጤና ባለሥልጣን ያሳውቁ። ከበሽታው የተረፉ አንዳንድ ጋኔቶች ዓይናቸው ከፈዛዛ ሰማያዊ ወደ ጥቁር ተለውጦ ታይቷል።

ተመሳሳይ የሚመስሉ ሌሎች ችግሮችም አሉ። ቦቱሊዝም (ከባክቴሪያ መርዝ የሚመጣ ሕመም) እግርን፣ ከዚያ ክንፍን፣ በመጨረሻ አንገትን ሽባ ያደርጋል፤ ወፏ አእምሮዋ ሳይጠፋ አንገቷን ማቅናት ያቅታታል። ይህኛው ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ፈሳሽ በመስጠትና በእንክብካቤ ይድናል። ለይቶ የሚያውቀው ሐኪም ስለሆነ እስከዚያ ጓንት፣ ጭምብልና መነጽር ይጠቀሙ፤ ከነኩ በኋላ በሳሙና ይታጠቡ፤ የቤት ዶሮ ካለዎት በዚያው ልብስና ጫማ ወደ ማደሪያው አይግቡ።

መንጠቆ ተሰክቶባታል፣ ከአፏም ክር ይወጣል። ልንቀለው?

ከአፏ የሚወጣ ክር ፈጽሞ አይጎትቱ። ሌላው ጫፍ ሆዷ ውስጥ የተቀረቀረ መንጠቆ ሊሆን ይችላል፤ ሲጎትቱት የምግብ ቧንቧዋን ይተረትረዋል። ክሩን ከአፏ ሥር ቆርጠው ማሳጠርም ሐኪሙ የሚከተለውን ፍንጭ ማጥፋት ነው። አንድ እጅ ርዝመት ተዉለት፣ ጫፉን በፎጣው ላይ በፕላስተር ይያዙ፤ ከራጅ በኋላ ሐኪም ያወጣዋል።

ቆዳ ላይ ብቻ የተሰካ መንጠቆ ግን ወደኋላ አይወጣም፣ ወደኋላ የዞረው እሾህ ይይዘዋልና። ጫፉን ወደፊት ገፍተው በቆዳው በኩል ያሳልፉታል፣ እሾሁን በፒንሳ ይቆርጡታል፣ ቀሪውን በገባበት ይመልሱታል። አንድ መንጠቆ ካገኙ ሁለተኛውን ይፈልጉ፤ የእግር ጣቶቿን መካከልና የክንፏን ሥር ይመልከቱ። ክሩ ለቀናት አጥብቆ የቆየ ከሆነ «ፈታሁላት፣ ትሂድ» አይባልም። ደም የተቋረጠበት ሥጋ መሞቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ሳምንት ያህል በዓይን ትጠበቃለች።

ማገገሚያው ውስጥ ፈሳሽ የሚሰጣት እንዴትና ስንት ነው?

በመጀመሪያ ትሞቃለች፣ ከዚያ ፈሳሽ ታገኛለች፣ ምግብ በስተመጨረሻ ነው። ቅደም ተከተሉን መዝለል አይቻልም። አንድ ኪሎ የምትመዝን፣ ከክብደቷ 10 በመቶ ያህል ፈሳሽ ያጣች ወፍን እንውሰድ፤ ዓይኖቿ ጎድጉደዋል፣ ምራቋ ይጣበቃል፣ ቆዳዋ ሲቆነጠጥ ወዲያው አይመለስም። የጎደላት 100 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለዕለት የሚያስፈልጋት ደግሞ 50። በመጀመሪያው ቀን የጎደለው ግማሽ ከዕለቱ ጋር 100 ሚሊ ሊትር፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን 75 እያለ ይሰጣታል። በአንድ ጊዜ ከክብደቷ 5 በመቶ፣ ማለትም 50 ሚሊ ሊትር በላይ አይገባም፤ ለደከመች ወፍ 25 እያሉ አራት ጊዜ ይሻላል። ፈሳሹ እንደ ሪንገር ላክቴት (ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የማዕድን ጨው ፈሳሽ) ያለ ሆኖ 38 ወይም 39 ዲግሪ ድረስ ይሞቃል።

ቱቦ ሲገባ አንዱ ሰው ወፏን ይይዛል፣ ሌላው ይሠራል። ከምንቃሯ ጫፍ እስከ ሆዷ ያለውን ርቀት ቱቦው ላይ ይለኩና ምልክት ያደርጉበታል፣ በፈሳሹ ያረጥቡታል። ምንቃሯን ከፍተው የአየር ቧንቧዋን ቀዳዳ በዓይናቸው ያያሉ፤ ምላሷ ሥር ስትተነፍስ የሚከፈትና የሚዘጋ ስንጥቅ ነው። ቱቦው እሱን አልፎ በጉሮሮዋ ቀኝ በኩል ይወርዳል፣ አንገቷ ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ። በጣት ሲዳሰስ የአየር ቧንቧውና ቱቦው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው መገኘት አለባቸው፤ አንድ ብቻ ከተገኘ ቱቦው የአየር ቧንቧዋ ውስጥ ገብቷል። ፈሳሽ ወደ አፏ ከተመለሰ ሲሪንጁን መግፋት ያቁሙ፣ ቱቦውን ቆንጥጠው ያውጡና ጭንቅላቷን ወዲያው ይልቀቁላት፤ ራሷ ታራግፈዋለች።

ዓሣ መቼና ምን ያህል ትበላለች?

ኩሷ ሲታይና ራሷን ቀና ስታደርግ፣ መጀመሪያ የተፈጨ ዓሣ በብዙ ፈሳሽ ቀጥኖ በቱቦ ይሰጣታል፤ አንድ እጅ ዓሣ ለሦስት እጅ ፈሳሽ ጥሩ መነሻ ነው። በረሃብ የቆየ ሰውነት በአንድ ቀን ሲጠግብ የደሙ ማዕድናት ይዛቡና ሊሞት ስለሚችል ወደ ሙሉ ዓሣ የሚሄደው በቀናት ነው። ዕለታዊው መጠን ከክብደቷ 10 እስከ 20 በመቶ ነው፤ ትናንሾቹ ወፎች ወደ 20ው ይጠጋሉ። ዓሣው ሁልጊዜ በጭንቅላቱ በኩል ይግባ፣ በጅራቱ ከገባ ቅርፊቱና ክንፉ ጉሮሮዋን ይቧጥጣል።

በረዶ የሆነ ዓሣ በፍሪጅ ውስጥ በዝግታ ይቀልጣል፣ በአንድ ቀን ውስጥ ያልቃል። መቀመጡና መቅለጡ ቫይታሚን ቢ1ን ይቀንሳል፤ እንደ ሄሪንግና ካፕሊን ያሉት ደግሞ ቫይታሚኑን የሚሰብር ኤንዛይም አላቸው። ለአንድ ኪሎ ዓሣ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ግራም ቢ1 ይጨመራል። እንክብሉን በቀኑ የመጀመሪያ ዓሣ ስንጥብ ውስጥ መደበቅ ነው፤ የመጨረሻው ውስጥ ካደረጉት ወፏ ትጠግብና ትተወዋለች። ይህ ሲረሳ ከሳምንታት በኋላ ጭንቅላቷን ወደኋላ መጣልና መንገዳገድ ትጀምራለች፣ ሰዎችም አዲስ በሽታ ያዛት ይላሉ።

ነዳጅ የነካትን ወፍ ወዲያው ለምን አታጥቧትም?

እጥበት ራሱ ከባድ ሸክም ስለሆነ ነው። የደከመች ወፍ ገንዳ ውስጥ፣ ሰው እጅ ላይ ትሞታለች። ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ትሞቃለች፣ ፈሳሽ ትወስዳለች፤ በእግሯ ስትቆምና ደሟ ሲስተካከል ተራዋ ይደርሳል።

ውኃው 40 ወይም 41 ዲግሪ ነው፣ ከወፏ ሙቀት ጋር የሚቀራረብ፤ ቀዝቀዝ ካለ ነዳጁም አይለቅም እሷም ትቀዘቅዛለች። ከመቶ እጅ ውኃ ሁለት እጅ ገደማ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይገባበታል። አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ውኃውን በላባው አቅጣጫ እያንቀሳቀሰ ያሳልፋል፤ ላባ አይታሽም። ጭንቅላቷ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይጸዳል። ውኃው ሲጠቁር ወደ ሁለተኛው ገንዳ፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ትሄዳለች፤ ክፉኛ የነካት አሥር ገንዳ ልትጨርስ ትችላለች። ከዚያ ሞቃት ውኃ በግፊት ከላባው አቅጣጫ በተቃራኒ ይረጭባታል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ እጥበቱ ላይ ይደክሙና ማለቅለቁን ያሳጥሩታል። የቀረ ሳሙና ከቀረ ነዳጅ አይሻልም። ማለቅለቁ የሚያበቃው ውኃው ከላባዋ ላይ እንደ ዶቃ ሲንከባለልና ውስጠኛው ለስላሳ ላባ ውኃ እየተረጨበት ደርቆ ብድግ ሲል ነው።

ለፔንግዊን ሹራብ ልሥራ?

አመሰግናለሁ፣ አይስሩ። በአውስትራሊያ ፊሊፕ ደሴት ትናንሽ ፔንግዊኖች ነዳጁን እንዳይልሱ ሹራብ ይለብሱ ነበር፤ ከዓለም ዙሪያ የተላከው ሹራብ ግን ከፔንግዊኖቹ በብዙ በልጧል። አሁን አብዛኞቹ ባለሙያዎች ማልበሱ ወፏን ያስጨንቃታል፣ ያግላታል ብለው ሞቃት ክፍልን ይመርጣሉ። ፎጣ ቢልኩ ይሻላል፤ ፎጣ ሁልጊዜ ያልቃል።

ታጥባ ንጹሕ ሆና ገንዳ ውስጥ ስትገባ ትርሳለች። ሳሙናው ዘይቷን ወስዶባት ነው?

ይህ በጣም የተለመደ ግምት ነው፣ ግን አይደለም። ውኃ የማያስገባት የላባዋ አሠራር ነው፤ ጥቃቅን ክሮቹ እንደ ዚፕ እርስ በርስ ተያይዘው ከሥራቸው አየር ያጥራሉ። የጅራቷ ዕጢ ቅባት ላባውን ከመሰባበር ይጠብቃል እንጂ ጃንጥላ አይደለም። ስለዚህ የምትርስ ወፍ ላይ የሚፈለገው የተረፈ ሳሙና፣ የተረፈ ነዳጅ፣ የተሰበረ ላባ ወይም የሚያዥ ቁስል ነው። ገንዳውም ተጠርጣሪ ነው። የዓሣ ስብና ኩስ ውኃው ላይ ከተንሳፈፈ ታጥባ የገባችው ወፍ እንደገና ትቆሽሻለች፤ ለዚህ ነው ገንዳው ከላይ በኩል ያለማቋረጥ የሚፈሰውና የተቆራረጠ ዓሣ የማይጣልበት።

ሲፈተሽ ከገንዳ ወጥታ የደረቷን፣ የጎኗንና ከክንፏ ሥር ያለውን ላባ በጣት ከፈል ያደርጉታል። ውጪው ረጥቦ ውስጡ ደረቅና ነጭ ጥጥ ከሆነ ደኅና ነው። የተጣበቀ ግራጫ ቦታ ካለ ወደ ሞቃቱ ክፍል ትመለሳለች፣ ላባዋን በምንቃሯ ታስተካክላለች፣ በማግሥቱ ትሞከራለች። በየጊዜው ያው አንድ ቦታ ከረሰ እንደገና ትታጠባለች።

ክንፏ ተሰብሯል። ትድናለች?

የተሰበረበት ቦታ ይወስናል። የወፍ አጥንት ፈጣን ነው፤ በጊዜው የተያዘ ዝግ ስብራት በሁለትና በሦስት ሳምንት ይጠነክራል። መገጣጠሚያ አጠገብ ያለ ስብራት ግን ክንፉን ያደርቀዋል፤ ወጥቶ የጠቆረና የደረቀ አጥንትም አይመለስም። በመጀመሪያ እርዳታ ክንፉ በተፈጥሮ አጣጠፉ በራሱ ላይ በሚጣበቅ ፋሻ ይጠቀለላል። ክፍት ስብራት ላይ ውኃ አያፍሱ፤ የላይኛው የክንፍ አጥንት በብዙ ወፎች ባዶና ከአየር ከረጢቶቿ ጋር የተገናኘ በመሆኑ ውኃው ወደ መተንፈሻዋ ሊገባ ይችላል። ፋሻ ለሳምንታት ሳይፈታ ከቆየ ደግሞ የክንፉ ፊት ያለው ቆዳ ያጥራል፣ አጥንቱ ድኖ ወፏ መብረር ያቅታታል። ስለዚህ ሐኪሙ በየጥቂት ቀኑ አደንዝዞ ክንፉን ይዘረጋዋል።

ጋኔት፣ ተርንና ቡናማ ፔሊካን ከአየር ተወርውረው ዓሣ የሚይዙ ስለሆኑ «ከሞላ ጎደል የዳነ» ክንፍ ለእነሱ ያልዳነ ነው። ባለ አንድ እግር ሲጋል ግን ኑሮዋን ትገፋለች። ተስፋ የሌላት ወፍን ያለ ሥቃይ ማሳረፍ የሥራው አካል ነው፤ ውሳኔው በመጀመሪያው ቀን ቢሆን ይመረጣል፣ ከአንድ ወር ሥቃይ በኋላ ከሚሆን።

ቁስሏ ድኖ እያለ ማገገሚያው ውስጥ ለምን ትሞታለች?

ዕድሜዋን ውኃ ላይ ለመንሳፈፍ የተሠራ ሰውነት ደረቅ ወለል ላይ ሲቀመጥ ክብደቱ ደረቱ አጥንት ላይ ያርፋል፤ ቆዳው ይቆስላል፣ ቁስሉ አጥንት ይደርሳል። እግሯም ያብጣል። ለዚህ የሚሠራው ወለል ቋጠሮ የሌለው መረብ በፍሬም ላይ ተወጥሮ ነው፤ ደረቷን ያቅፋል፣ ኩሷም ወደ ታች ያልፋል። ሌላው ገዳይ አስፐርጊለስ የተባለ ፈንገስ ነው። በጭንቀት የተዳከመች ወፍ የሻጋታውን ብናኝ ተንፍሳ ሳንባዋ ውስጥ ይበቅልባታል፤ ምልክቱ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ረፍዷል። የሚከላከለው ጥሩ አየር፣ ጭድ አለመጠቀም፣ ለሚያሰጋቸው ዝርያዎች አስቀድሞ መድኃኒት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቆይታን ማሳጠር ነው።

ለመለቀቅ መድረሷን በምን ታውቃላችሁ?

ቀን በመቁጠር አይደለም። ክብደቷ ለዝርያዋ ከሚጠበቀው 10 በመቶ ባልራቀ ልክ ላይ መሆን አለበት፣ ደሟ መስተካከል አለበት፣ የደረቷና የእግሯ ቆዳ መዳን አለበት። ራሷ መብላት፣ መጥለቅ፣ ለሚበሩት ደግሞ በደንብ መብረር ግድ ነው። ወሳኙ ፈተና ቀዝቃዛ ውኃ ላይ መውጫ ሳይሰጣት ከ24 እስከ 48 ሰዓት መቆየት ነው፤ ካልረሰችና ካልተንቀጠቀጠች አልፋለች። ጨው በሌለው ውኃ ለሳምንታት የቆየች ወፍ ጨው የሚያስወጣው ዕጢዋ ስለሚሰንፍ ከመለቀቋ በፊት በጨዋማ ውኃ ወይም በጨው እንክብል ትለማመዳለች። ሰው ስታይ ከመሸሽ ይልቅ መቅረብ ከጀመረች አልደረሰችም።

የትና እንዴት ትለቀቃለች?

በዝርያዋ ወፎች አጠገብ፣ ቢቻል በተገኘችበት አካባቢ፣ ጧት፣ ለሁለትና ሦስት ቀን ጸጥ ያለ ባሕር በተተነበየበት ጊዜ። ካርቶኑ ውኃው ዳር ይቀመጣል፣ ወደ ባሕሩ ዞሮ ይከፈታል፣ ሰው ከኋላ ይርቃል። አንዳንዷ ወዲያው ትገባለች፣ አንዳንዷ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብላ ላባዋን ታስተካክላለች፤ አትግፏት።

ነዳጁ ገና ካልጸዳ ሩቅ መልቀቅ አንድ ዘዴ ነው። በሰኔ 2000 እ.ኤ.አ. «ትሬዠር» የተባለ መርከብ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን አጠገብ ሲሰጥም 19,000 ያህል የአፍሪካ ፔንግዊኖች በነዳጅ ተነክተው ለማጠብ ተወሰዱ። ገና ያልተነኩ 19,500 ያህሉ ደግሞ በዚያው አገር በስተምሥራቅ ርቃ ወደምትገኘው ፖርት ኤልዛቤት በመኪና ተጭነው ተለቀቁ፤ ዋኝተው እስኪመለሱ ድረስ ባሕሩ እንዲጸዳ። ሳተላይት መከታተያ የታሰረባቸው ሦስቱ፣ ፒተር፣ ፐርሲና ፓሜላ፣ በርግጥ ዋኝተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ታይተዋል።

ከተለቀቁ በኋላ በእርግጥ ይኖራሉ ወይስ እኛን ነው የምናጽናናው?

እንደ ዝርያው ነው፤ አንድ መልስ የሚሰጥ ሰው አይመኑ። የታጠቡ የአፍሪካ ፔንግዊኖች ለዓመታት ኖረው ሲፈለፍሉ ታይተዋል። በሌላ በኩል በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የታተሙ የቀለበት ማስረጃዎች በነዳጅ የተነኩ ጊሊሞቶች ከተለቀቁ በኋላ በአብዛኛው በቀናት ውስጥ እንደሚሞቱ አሳይተው ብዙዎችን አስደንግጠዋል፤ የመልቀቂያ መስፈርቱ የጠበቀው በዚህ ምክንያትም ነው።

ይህን ሁሉ የምናውቀው እግር ላይ በሚታሰር ትንሽ የብረት ቀለበት ነው። ቀለበት ያላት ወፍ ካገኙ፣ የሞተችም ብትሆን፣ ቁጥሩን በሙሉ፣ ከጎኑ የተጻፈውን አድራሻ፣ ቀኑንና ቦታውን ይጻፉ፤ ቁጥሩ ከደበዘዘ ቀለበቱን ፎቶ አንሥተው ይላኩ። በሕይወት ካለች ቀለበቱን አያውልቁ።